የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅና የፎርት ስሚዝ ፍርድ ቤት

የታሪክ ትምህርት የሚነግረን አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታትን፣ የጦር አለቆችንና የትላልቅ ውሎችን ነገር ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ሕግ ከወጣ በኋላ ተራው ሰው በዚያ ሕግ ሥር እንዴት ይኖር እንደ ነበር ለማወቅ ስንፈልግ፥ መልካም ልብ ወለድ መንገዱን ሊያሳየን ይችላል። ስለዚህ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የመረጥነው፥ አሜሪካዊው ደራሲ ቻርልስ ፖርቲስ ጽፎት በ1968 የታተመውን «ትሩ ግሪት» የተባለውን መጽሐፍ ነው። ርእሱ በአማርኛ «እውነተኛ ወኔ» ሊባል ይችላል። የታሪኩ ባለቤት ማቲ ሮስ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። የማቲ አባት በአርካንሶ ክፍለ ግዛት፥ በዳርዳኔል ከተማ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነበር። ፈረስ ሊገዛ ወደ ፎርት ስሚዝ በሄደ ጊዜ፥ ቶም ቼኒ የሚባል የገዛ ቅጥር ሠራተኛው ገድሎት፥ ፈረሱንና ገንዘቡን ዘርፎ ጠፋ። እናቷ በኀዘን የተሰበረች፥ ወንድምዋና እኅትዋም ገና ሕፃናት ስለ ነበሩ፥ ማቲ የአባቷን ነገር ልትከታተል ወደ ፎርት ስሚዝ መጣች። የከተማውን ሹም ብትጠይቀው ገዳዩ ከእርሱ ሥልጣን ውጭ ወዳለ አገር መሻገሩን ነገራት። እርስዋም ሩስተር ኮግበርን የሚባል አንድ ዓይና ሰካራም የፍርድ ቤት ጭፍራ በ100 ዶላር ቀጥራ፥ አትምጪ ብትባልም ፈረሷን እያዋኘች ወንዙን ተሻግራ አብራው ዘመተች።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል። ነፍሰ ገዳይ አንድ ወንዝ በመሻገሩ ብቻ ከሕግ እጅ የሚወጣው ስለ ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በልብ ወለዱ ውስጥ ሳይሆን በታሪክ ነው። በ1830 በፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊርማ በጸናው ሕግ መሠረት፥ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ነባር ሕዝቦች ርስታቸውን ለቀው ከሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ምዕራብ እንዲሄዱ ተገደዱ። እነርሱም ቸሮኪ፣ ቾክቶ፣ ክሪክ፣ ቺካሶና ሴሚኖል ናቸው። የቸሮኪ ሕዝብ በ1838 እና በ1839 በወታደር እየተነዳ ሲጓዝ፥ ከ16,000 ያህሉ 4,000 ያህል በረሃብ፣ በብርድና በበሽታ እንደ ሞቱ ይገመታል። የሰፈሩበትም አገር የኢንዲያን ግዛት ተባለ።

እነዚህ ሕዝቦች ግን በፊልም እንደምናያቸው ሥርዓት የሌላቸው ሰዎች አልነበሩም። የራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ ትምህርት ቤትና ዳኛ ነበራቸው። ሴኮያ የተባለው የቸሮኪ ሰው በ1821 ያወጣው ፊደል፥ ልክ እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ የሚይዝ ነው፤ በ1828 ጋዜጣ ታትሞበታል። ችግሩ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። የነባሮቹ ሕዝቦች ፍርድ ቤቶች ከውጭ የሚመጣውን የአሜሪካ ዜጋ ለመዳኘት ሥልጣን አልተሰጣቸውም፤ የአርካንሶም ዳኛ በዚያ አገር ማዘዝ አይችልም። ስለዚህ ቤት ሠርተው፣ ሕግ አቁመው የሚኖሩት ሰዎች አገር፥ የሌላ አገር ወንጀለኛ መሸሸጊያ ሆነ። የሕግ አለመኖር ሳይሆን የሥልጣን መከፋፈል ሽፍታን እንደሚያበዛ ከዚህ እንማራለን።

ይህን ክፍተት እንዲዘጋ የታዘዘው የፎርት ስሚዝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነበር። ሥልጣኑም የሚደርስበት አገር ስፋት 190,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1875 ፕሬዚዳንት ግራንት አይዛክ ፓርከርን በዚሁ ወንበር ሾሙት። ፓርከር በ21 ዓመት የዳኝነት ዘመኑ 160 ሰዎችን በሞት እንዲቀጡ ፈረደ፤ ከእነዚህም 79 ተሰቀሉ። በመስከረም ወር 1875 ስድስት ሰዎች በአንድ ቀን ሲሰቀሉ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተሰብስቦ ተመልክቷል። እስከ 1889 ድረስ በርሱ ፍርድ ለሞት የተሰጠ ሰው ይግባኝ የሚልበት የበላይ ፍርድ ቤት አልነበረም። ማቲም ወደ ከተማው በደረሰች ጊዜ ሦስት ሰዎች ሲሰቀሉ ማየቷን ደራሲው ሲጽፍ፥ የዘመኑን ነገር አላጋነነም።

የኮግበርን ባልደረቦች የነበሩት ምክትል ማርሻሎች ደግሞ የወር ደመወዝ የሌላቸው፥ በተጓዙት ማይልና በያዙት ሰው ልክ የሚከፈላቸው ነበሩ። ወንጀለኛውን በሕይወት ካላመጡት ድካማቸው ከንቱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ በዚህ ሥራ ላይ ሕይወታቸውን ያጡም ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ባስ ሪቭስ፥ በ1838 በአርካንሶ በባርነት የተወለደ ጥቁር ሰው ነው። ከ1875 ጀምሮ እስከ 1907 ድረስ አገልግሏል። ማንበብና መጻፍ ስለማይችል፥ የመያዣውን ትእዛዝ ሰው እያነበበለት ቃሉን በልቡ አጥንቶ ይዘምት ነበር። ብዙ የምዕራብ ፊልሞች እንዲህ ያለውን ሰው ረስተውታል፤ ታሪክ ግን ሊረሳው አይገባም።

አሁን ወደ ማቲ እንመለስ። ጎበዝ የሚያሰኛት የአባቷን ከባድ ሽጉጥ መያዟ አይደለም፤ እርሱማ በክፉ ሰዓት እምቢ እያለ ጉድ ሠርቷታል። የእርስዋ ዋና መሣሪያ የሒሳብ መዝገብና የሕግ ዕውቀት ነው። ስቶንሂል የሚባለው ነጋዴ ለአባቷ የሸጣቸውን ፈረሶች መልሶ እንዲገዛ፥ ከበረቱ ለተሰረቀውም ፈረስ ዋጋ እንዲከፍል የምትከራከረው ነገረ ፈጄ ዘንድ እሄዳለሁ እያለች ነው። ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አትሰጥም፤ ያለ ውልም ሥራ አታሠራም። በዚያ ዘመን ግን የአርካንሶ ሴት የመምረጥ መብት አልነበራትም፤ ጁሪ በሚባለው የፍርድ ሸንጎም አትቀመጥም ነበር። የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት የጸናላቸው በ1920 ነው። እንግዲህ ይህች ልጅ አጥብቃ የያዘችው ሕግ፥ እርስዋን ራስዋን ሙሉ ሰው አድርጎ የማይቆጥር ሕግ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የሚያሳስበን ነገር ይህ ነው።

በመንገድ ላይ ላቢፍ የሚባል የቴክሳስ የሕግ ሰው አብሯቸው ዘመተ። እርሱም ቼኒን የሚፈልገው በቴክሳስ አንድ የሕግ መወሰኛ አባል ስለ ገደለ ነው፤ ስለዚህ ወደዚያ ወስዶ ሊያሰቅለው ይፈልጋል። ሰውዬው ከተሰቀለ ዘንድ የት ቢሰቀል ምን ቸገራት የሚል ይኖራል። ማቲ ግን እምቢ አለች። የአባቷ ደም በአባቷ ስም እንዲጠየቅ፥ ፍርዱም በአርካንሶ እንዲሰጥ ትፈልጋለች። ገዳይ በታላቅ ሰው ደም ተቀጥቶ የገበሬው ደም በዝምታ የሚታለፍ ከሆነ፥ ሕግ ለሰው ሁሉ እኩል ነው ማለት አይቻልም። ይህን የተናገረው ሊቅ ሳይሆን ልጅ መሆኑን ልብ እንበል።

ይሁን እንጂ ደራሲው ነገሩን በድል ዘፈን አልጨረሰውም። ቼኒ ከዳኛ ፓርከር ፊት ሳይቆም በተራራው ላይ ሞተ። ማቲም የተኮሰችበት ሽጉጥ ወደ ኋላ ገፍቷት እባብ ካለበት ጉድጓድ ወደቀች፤ ተነድፋም አንድ እጇን አጣች። አማርኛችን «ደመኛ» የሚለውን ቃል የያዘው በከንቱ አይደለም፤ ደም የሚመልስ ሰው የራሱንም ደም ሳያፈስ እንደማይመለስ አባቶቻችን ያውቃሉ። የፈለገችው የፍርድ ቤት ፍርድ ነበር፤ ያገኘችው ግን በቀል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውንም ልዩነት በአካሏ ከፈለችው።

ፖርቲስ በ1933 በአርካንሶ ተወልዶ በ2020 ያረፈ ጋዜጠኛ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በአንድ ጋዜጣ ቤት ሲሠራ፥ በገጠር የሚኖሩ ሴቶች የሚልኩትን ወሬ ያርም ነበር። ማቲ ካረጀች በኋላ ታሪኳን ስትናገር የሚሰማው ያ ቆፍጣና ድምፅ ከእነዚህ ሴቶች አንዳች ነገር ሳይወርስ አልቀረም። መጽሐፉ በ1969 እና በ2010 በፊልም ተሠርቷል። በመጀመሪያው ፊልም ኮግበርንን ሆኖ የሠራው ጆን ዌይን የኦስካር ሽልማት ስላገኘበት፥ ብዙ ሰው ታሪኩን የሽማግሌው ማርሻል ታሪክ አድርጎ ያስበዋል።

እኛ ግን እንደዚያ አላነበብነውም። ግሪት የሚለው ቃል መጀመሪያ ደቃቅ ጠጠር ማለት ነው፤ ትንሽ ሆኖ የማይፈጭ ነገር። ማቲ ወኔ ያለው ሰው ፈልጋ ማርሻሉን ቀጠረች፤ አንባቢው ግን ወኔው በቀጣሪዋ ዘንድ መኖሩን ያስተውላል። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፥ በዚህ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ የምንማረው ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ቀላል ነገር መስሎ እንዳይታየን። መብቱን የሚያውቅና የተጻፈውን መርምሮ የሚፈርም ልጅ፥ ጎልማሳው የማይደፍረውን ደጅ ሊያንኳኳ ይችላል። ደጁ ሲንኳኳ የሚከፍት ዳኛ እንዲኖር ማድረግ ግን የአንዲት ልጅ ሸክም ሳይሆን የአገር ሁሉ ሥራ ነው።