ሾተላይ እና የፅንስ ውሃ መቋጠር

ፅንሱ "ውሃ ቋጠረ" የሚባለው ከሆዱ፣ ከሳንባው ዙሪያ፣ ከልቡ ዙሪያና ከቆዳው ስር ቢያንስ ሁለቱ ቦታ ላይ ፈሳሽ ሲጠራቀም ነው።

መንስኤው ምንድን ነው?
▪ ሾተላይ፦ የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናትየው ሰውነት የፅንሱን ቀይ የደም ሴል ሊያጠቃ ይችላል። ፅንሱ ደም ያንሰዋል፣ ልቡ ይደክማል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የመጀመሪያው ልጅ ሳይሆን ቀጣዩ ነው።
▪ ሌሎች፦ የልብ ችግር፣ የክሮሞዞም መዛባት፣ እንደ ቂጥኝ ያሉ ኢንፌክሽኖች።

እንዴት ይታወቃል?
በአልትራሳውንድ ይታያል። መንስኤውን ለመለየት የእናት ደም ይመረመራል፤ ካስፈለገም ከሽርት ውሃው ናሙና ይወሰዳል።

ሾተላይን ግን ቀድሞ መከላከል ይቻላል። ደምሽ ኔጌቲቭ ከሆነ ስለ አንቲ-ዲ መርፌ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ፣ እንዲሁም ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ውርጃ አጋጥሞሽ ከነበረም ለሐኪምሽ አትደብቂ።