ጉና ይፈነዳ ይሆን?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ በደረሰ ሰሞን፣ የእስቴ ተወላጅ መሆኔንና ሥነ ምድር ማጥናቴን የሚያውቁ ወዳጆቼ “የእኛስ ጉና?” እያሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው አግባብ ነው። በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት መካከል የተንሰራፋውና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና በእርግጥም እሳተ ገሞራ ነበር።

ከጉና በፊት

የጋይንትና የስማዳ ምድር መሠረት ከጉና ይቀድማል። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬት በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍታ ቅልጥ ድንጋይ እንደ ጎርፍ አጥለቀለቃት። የዚህ ባዛልት ውፍረት በአንዳንድ የኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከታች ጋይንት ወይም ከስማዳ ወደ በሽሎ ሸለቆ የወረደ ሰው እንደ ደረጃ ተደራርቦ የሚያየው ገደል የእነዚያ ፍሰቶች ክምር ነው።

የጉና አፈጣጠር

በዚህ ወለል ላይ በየተራ ታላላቅ ተራሮች ተገነቡ። የድንጋዮቹን ዕድሜ የለኩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት መሠረት ስሜን 30 ሚሊዮን፣ ጮቄ 22 ሚሊዮን፣ ጉና ደግሞ 10.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ስለዚህ ጉና ከሦስቱ ታናሽ ነው። ቅርጹም እንደ ጃፓኑ ፉጂ ሹል ሳይሆን መሬት ላይ እንደተቀመጠ ጋሻ ሰፊ ነው። ሆኖም ፍሰት ብቻ አልገነባውም፤ በፍንዳታ የተረጨና የተጋገረ አመድ፣ እንዲሁም ትራካይት የሚባለው ነጣ ያለ ድንጋይ ከባዛልቱ ጋር ተደራርበውበታል።

ያሰጋል ወይ?

አያሰጋም። ጉናን የገነባው እሳት ከጠፋ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈዋል፤ ዝናብና ጅረትም ገላውን በጥልቅ ሸርሽረውታል። በአገራችን ዛሬ የሚነዱት እሳተ ገሞራዎች በአፋርና በስምጥ ሸለቆ ይገኛሉ። ከጣና በስተደቡብ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወርድበት ድንጋይ ከጉና እጅግ ቢያንስም፣ እርሱን ያፈሰሰው እሳትም ዛሬ አይነድም።

እውነተኛው ስጋት

እኔን የሚያሳስበኝ የጉና ውሃና አፈር ነው። ዝናቡ በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ሰርጎ፣ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ሲያገኝ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ርብና ጉማራ ከዚህ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ እያጠጡ ጣና ይገባሉ። ከአመድና ከባዛልት የተገኘው አፈር ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ተዳፋቱ ሲታረስና ጓሳው ሲታጨድ ግን በየክረምቱ እየታጠበ ይወርዳል። ያን ጊዜ ዝናቡ መስረጉን ትቶ ጎርፍ ይሆናል፤ ምንጩ በበጋ ይነጥፋል፤ ደለሉም ጣና ይገባል። ስለዚህ የላይኛውን ጓሳና አስታ ከእርሻ መጠበቅ ለጋይንትና ለእስቴ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ የፎገራው ሩዝ አምራችና የጣናው ዓሣ አስጋሪም ድርሻ አላቸው።