የብረት እጥረት እና ምርመራው

የብረት እጥረት ማለት በሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ለደም ማምረቻና ለሌሎች ሥራዎች ሳይበቃ ሲቀር ነው። በአንድ ጎልማሳ አካል ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት አለ። ሁለት ሦስተኛው ገደማ በቀይ የደም ሴሎች ሄሞግሎቢን ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን ያጓጉዛል፤ ከቀሪው አብዛኛው ፌሪቲን በተባለ ፕሮቲን ተይዞ በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ይከማቻል።

መጀመሪያ የሚሟጠጠው ይህ ክምችት ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ ገና ልክ የሆነ ሰው በብረት ማነስ የተነሳ ሊደክመውና ፀጉሩ ሊሳሳ ይችላል። ሲቢሲ የሚባለው የደም ቆጠራ ብቻውን አይበቃም የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ክምችቱን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ ጎልማሳ ላይ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች የሆነ ፌሪቲንን እጥረት ይለዋል። ፌሪቲን ግን በኢንፌክሽን ወይም በሌላ የሰውነት መቆጣት ጊዜ ብረቱ ሳይጨምር ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ የድርጅቱ ወሰን 70 ነው። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው 40 ቢያሳይ «ደህና ነው» ብሎ መሸኘት ስህተት ይሆናል። ሐኪሙ ሲአርፒ የተባለውን የመቆጣት ምልክትና በደም ውስጥ ብረት የሚያጓጉዘውን ፕሮቲን የትራንስፈሪንን ሙሌት አብሮ የሚያዘው ይህን ለመለየት ነው።

የመኖሪያ ከፍታም ይታሰባል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ወሰን በዴሲሊትር 12 ግራም ሄሞግሎቢን ነው፤ ደጋ ላይ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ያመርታል ተብሎ ወሰኑ ከፍ ይደረጋል። ሆኖም ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢን ከቆላ ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። ለእነሱ አንድ ወጥ ማስተካከያ መጠቀም ጥንቃቄ ይሻል።

እጥረቱ ከተረጋገጠ በኋላ ዋናው ጥያቄ ብረቱ የት ሄደ የሚለው ነው። በወጣት ሴቶች ብዙውን ጊዜ የወር አበባ መብዛት ወይም እርግዝና ነው። በባዶ እግር በሚኬድባቸው እርጥብ አካባቢዎች በቆዳ ዘልቆ የሚገባው የመንጠቆ ትል አንጀት ውስጥ ደም ይመጥጣል፤ በሰገራ ምርመራ ይገኛል። በወንዶችና ባረጡ ሴቶች ግን ከጨጓራ ወይም ከአንጀት የሚፈስ ደም መጠርጠር አለበት፤ ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። እንዲህ ላለ ታማሚ ምክንያቱን ሳይፈልጉ እንክብል ብቻ መስጠት የአንጀት ካንሰርን ሊሸፍን ይችላል።

ሕክምናው በአብዛኛው ፌረስ ሰልፌት የተባለው የብረት እንክብል ነው። ሻይና ቡና ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙ ከመድኃኒቱ ጋር አይጠጡም። ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እስኪሞላ ሕክምናው ለ3 ወር ያህል ይቀጥላል። በአራት ሳምንት ለውጥ ካልታየ መድኃኒቱ በትክክል መወሰዱ፣ ሄሊኮባክተር የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ወይም ሴሊያክ የተባለው የአንጀት ሕመም መኖሩና ደም አሁንም መፍሰሱ እንደገና ይመረመራል።