የፈረስ ስም የተሸከመ ቤት፦ የጅሬን መሰራ እና የ«አባ» ስሞች ታሪክ

ከጅማ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተረፉት የእንጨት ሥራ ቤተ መንግሥቶች አንዱ ነው። ባለ ፎቅ ቤቶቹ፣ የተቀረጹ በረንዳዎቹና ሰፊው ግቢ ለረጅም ዘመን በዝናብ፣ በምስጥና በእርጅና ሲጎዱ ኖረዋል። ስለ ጥገናው በተነሣ ቁጥር የሚነገረው ስለ ግንዱ፣ ስለ ወለሉና ስለ ጣሪያው ነው። የሥነ ልሳን ተመራማሪ ግን በዚያው ግቢ ሌላ የሚፈርስ ነገር ያያል፤ እርሱም የቤቱ ቃላት ናቸው። ከእነርሱም የመጀመሪያው የቤቱ ስም ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ የሚጠራው በፈረስ ስም ነው።

የጅማ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ በሰና አባ ጅፋር ተመሠረተ። ከእርሱ በኋላ አባ ረቡ፣ አባ ቦቃና አባ ጎሞል በየተራ ነገሡ፤ በ1878 ዙፋኑን የያዘው ዳግማዊ አባ ጅፋር እስከ 1932 ድረስ ቆየ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ገና የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ ገብሮ የውስጥ አስተዳደሩን በእጁ አስቀረ። ጅሬን የንግሥናው መቀመጫ ስትሆን ሂርማታ ደግሞ ታላቁ ገበያ ነበረች፤ የዛሬዋ ጅማ ከተማ የበቀለችው ከዚህ ገበያ ነው።

የአምስቱንም ነገሥታት ስም የሚያስተሳስረው «አባ» የሚለው ቃል ነው። በአፋን ኦሮሞ ቃሉ «አባት» ብቻ ሳይሆን «ባለቤት»፣ «ባለ» ማለትም ነው። የአውራጃ ሹሙ አባ ቆሮ፣ የድንበር በር ጠባቂው አባ ኬላ፣ በሌላው የኦሮሞ ምድር ያለው የሥርዓቱ መሪ አባ ገዳ የተባሉት በዚሁ አሠራር ነው። ጦረኛው በፈረሱ ሲጠራም ያው ሰዋስው ይሠራል፤ «አባ ጅፋር» ማለት «ባለ ጅፋር»፣ ጅፋር የተባለው ፈረስ ጌታ ማለት ነው። «ቦቃ» ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪም እንግዳ አይደለም፤ በሁለቱም ቋንቋዎች ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን እንስሳ ያመለክታል። እንዲህ ሲሆን የነገሥታቱን ዝርዝር የሚያነብ ሰው ሳያስበው የአንድን ጋጣ ዝርዝር ያነባል።

የፈረስ ስም በአማርኛ ተናጋሪው መኳንንት ዘንድም የታወቀ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። ነገር ግን በግንባታው ላይ ልዩነት ይታያል። ከ«አባ» ቀጥሎ የሚመጣው በእነዚህ ስሞች ግስ ነው። «ታጠቅ» እና «በዝብዝ» ትእዛዝ አንቀጾች ናቸው፤ «ዳኘው» እና «ቃኘው» ተሳቢ ቅጥያ የያዙ ሲሆኑ በጽሑፍ እንደ ኃላፊም እንደ ትእዛዝም ሊነበቡ ይችላሉ፤ «ነጋ» ኃላፊ ነው። «ቦቃ» ግን የእንስሳውን መልክ የሚናገር ቃል ነው። አንደኛው ወገን በፈረሱ ስም ፉከራ ሲያሰማ፣ ሌላው ፈረሱን ራሱን ያሳያል። በሁለቱ መካከል የቆመ ምሳሌም አለ፤ ቦረናን ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር፤ «መላ» በአማርኛ፣ «መለ» በኦሮሞ ዘዴና ብልሃት ማለት ነው። ስሙ የትኛው ቋንቋ ነው ብሎ መፍረድ ያስቸግራል፤ ምናልባትም መፍረድ አያስፈልግም።

የቃላቱ መቀራረብ በስም አይወሰንም። አማርኛ ጥቁሩን ፈረስ «ጉራቻ»፣ ዐመድማውን «ዳለቻ» ሲል የኦሮሞን የቀለም ቃላት ይጠቀማል። «ልጓም» በበኩሉ የአረብኛው «ሊጃም» ዘመድ ነው። ከጅማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በተደረገው የድንበር ስምምነት ሳቢያ ለሁለት መንግሥታት በተከፈለችው ሞያሌ፣ ከሄሉ ሰፈር እስከ ኢትዮጵያው ወገን ድረስ ይህ መቀራረብ በጆሮ ይሰማል፤ አማራው «ፈረስ»፣ ቦረናው «ፈርዳ»፣ ሶማሌው «ፈረስ»፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው «ፈራሲ» ይላል። የጅማን ምድር ይጠብቅ የነበረው «ኬላ» የሚለው ቃልም በሞያሌ የዕለት ተዕለት ቃል ነው። ድንበሩ ሕዝብን ሲለይ ቃላቱን አልለየም።

እ.ኤ.አ. በ1932 ዳግማዊ አባ ጅፋር ዐረፈ፤ በዚያው ዓመት የጅማ ራስ ገዝነት አከተመ። የኸርበርት ሉዊስ የታወቀ ጥናትም የመንግሥቱን ዘመን በዚህ ዓመት ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲህ ፈረሱ በመኪና ተተካ፤ አባ ጠቅል ከተባሉት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኋላም የፈረስ ስም ያለው የአገር መሪ አልተነሣም። ዛሬ «ጅማ አባ ጅፋር» ሲባል ብዙው ወጣት የሚያስበው የእግር ኳስ ቡድኑን ነው። ስሙ ድምፁን ይዞ ቀርቷል፤ ፈረሱ ግን ከውስጡ ወጥቷል። በአዊ ግን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ስለሚሰበሰብ፣ የኮርቻው፣ የእርካቡና የጉግሡ ቃላት ከአፍ አልጠፉም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፤ ቃል የሚኖረው የሚጠራው ነገር እስካለ ድረስ፣ ወይም የሚያስታውሰው ሰው እስካልጠፋ ድረስ ነው።

ስለዚህ የጅሬን ጥገና ለአናጺና ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። የግቢው መጠሪያ «መሰራ»፣ የየክፍሉ፣ የየበሩ፣ የጋጣውና የሜዳው ስም ከአካባቢው ሽማግሌዎች አፍ መቀዳት ይኖርበታል። አጻጻፉም ትኩረት ይሻል፤ የግእዝ ፊደል መጥበቅንም ሆነ የአናባቢን ርዝመት አያሳይም፤ የኦሮሞ ቁቤ ግን ሁለቱንም ይለያል። በአንዱ ጽሕፈት ብቻ የሚቆም ሰሌዳ የስሙን ግማሽ ያስቀራል። የበሰበሰ ምሰሶ በሌላ እንጨት ሊተካ ይችላል፤ የአንድን ጋጣ ስም የሚያውቁት የመጨረሻዎቹ ሰዎች ካለፉ በኋላ ግን የሚተካ አናጺ አይገኝም። በሥራው ቅደም ተከተል ውስጥ ቅጂው ከመዶሻው መቅደም ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።