«የቤት እመቤት» ስንባል

የማኅበራችንን የአባላት መዝገብ ስናገላብጥ «ሥራ» ከሚለው ዓምድ ሥር በብዛት የምናገኘው «የቤት እመቤት» የሚል ነው። ቅጽ የሚሞላልን ሰው ብዙ ጊዜ «ሥራ የላትም» ለማለት ነው የሚጽፈው። ቃሉ ግን እንዲህ አይልም።

እመቤት ከሁለት የግዕዝ ቃላት የተጣመረ ነው፤ «እም» እናት ነው፣ ቤት ያው ቤት። በግዕዝ «የእገሌ» ለማለት የፊተኛው ቃል መጨረሻ ይለወጣል፤ እም «እመ» ይሆናል። የአገራችን ስም ራሱ እንዲሁ ነው የተሠራው፤ ገነት «ገነተ» ሆኖ ገነተ ማርያም፣ የማርያም ገነት። ላሊበላ ወርደን ቤተ ማርያም፣ ቤተ ጊዮርጊስ ስንልም ያው ነው። እንግዲህ እመቤት ማለት «የቤት እናት» ነው። «የቤት እመቤት» ሲባል ቤቱ ሁለት ጊዜ ተጠራ።

ለምን ተደገመ? እንደሚመስለን ቃሉ ከፍ ብሎ ስለሄደ ነው። ድንግል ማርያምን እመቤታችን እንላታለን፤ በ1262 ዓ.ም. የነገሠው የይኩኖ አምላክ ሥዕል ያለበት የኛው ውቅር ቤተ ክርስቲያንም በስሟ ነው። በቤተ መንግሥት ደግሞ «እመቤት ሆይ» የመሳፍንት ወገን ሴቶች ማዕርግ ነበር። ማዕርግ ከሆነ በኋላ በውስጡ ያለው ቤት መሰማቱ ቀረ፤ የጓዳዋን ሴት ለመለየት «የቤት» ተጨመረበት።

እንግሊዞችም ጥምር ቃል አላቸው፤ «ሃውስዋይፍ»። «ሃውስ» ቤት ነው፤ «ዋይፍ» ዛሬ ሚስት ቢሆንም በጥንቱ ቋንቋቸው ሴት ማለት ነበር። ይኸው ቃል በአፍ እየተሸራረፈ «ሃሲ» ሆነና የባለጌ ሴት ስድብ ሆኖ ቀረ። «ሌዲ» የሚሉት ግን ወደ ላይ ወጣ። ጥንት እሱም ጥምር ነበር፤ ትርጉሙ «ዳቦ አቡኪ»። ሊጥ የምታቦካዋ የተከበረች ወይዘሮ ሆነች ማለት ነው። «ሎርድ» የተባለው ጌታዋስ? «ዳቦ ጠባቂ»! ማን እንደሠራና ማን እንደጠበቀ ቃላቸው አልሸሸገም።

በመጪው ስብሰባ መዝገቡ ይታደሳል። «የቤት እመቤት» የሚለውን አንሰርዘውም፤ እናት መባል አያሳፍርም። ከጎኑ ግን የምትሠራው ይጻፍ፤ ጠላ ትጠምቃለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፣ በግ ታረባለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች። ጸሐፊያችን «ዓምዱ አይበቃም» ብላለች። መስመሩን እናሰፋዋለን።