ጀፎረ

ጀፎረ በጉራጌ መንደሮች መሐል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድና አደባባይ ነው። በግራና በቀኙ ከተሰለፉት የሣር ክዳን ቤቶች ጋር ከኢትዮጵያ ጥንታዊ የመንደር አሠራሮች አንዱ ሲሆን፣ ከወልቂጤ ከተማ አንሥቶ በቤተ ጉራጌ የገጠር ቀበሌዎች ይገኛል።

አሠራር

ቤቶቹ ደጃፋቸውን ወደ ጀፎረው ያዞራሉ። ከእያንዳንዱ ቤት ጀርባ የእንሰት ጓሮ፣ ከዚያም አልፎ እርሻና ግጦሽ ይከተላል። ከብቶች ሌሊት የሚያድሩት በትልቁ ቤት ውስጥ በመሆኑ፣ እማወራዋ ፍጉን ከቤት ወደ እንሰቱ ሥር ለማድረስ ብዙ አትደክምም። ሣሩ ደግሞ ዝናቡን አስርጎ አፈሩን ከመሸርሸር ያድናል።

ቤቱ ክብ ነው። ግድግዳው ከተፈለጠ እንጨት ይቆማል፤ ጣሪያው መሐል ላይ በተተከለው ምሶሶ ይደገፋል፤ ከምሶሶው የሚነሡት ወጋግራዎች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ዙሪያውን ይዘረጋሉ። የምድጃው ጢስ ክዳኑን ጥላሸት እያለበሰ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ክዳኑ ሲያረጅ ጎረቤት በደቦ ተጠራርቶ ያድሰዋል።

ማኅበራዊ አገልግሎት

ሠርግና ለቅሶ፣ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ የፈረስ ጉግሥና የልጆች ጨዋታ የሚካሄዱት በጀፎረው ላይ ነው። በመስቀል ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የሚመለሰው ተወላጅ ደመራውን ከመንደሩ ሰው ጋር የሚለኩሰው እዚሁ ነው።

ጥበቃ

ጀፎረ የማንም የግል ይዞታ አይደለም። አጥር እያስጠጋ የሚገፋውን ሽማግሌዎች በባህላዊ ሥርዓት ይዳኙታል፤ በሰባት ቤት ጉራጌ የዚህ ሥርዓት ከፍተኛ ሸንጎ የጆካ፣ ሕጉም ቅጫ ይባላል። ሥዕላዊ ውበቱን ለዘመናት ያቆየው ይህ ዳኝነት ነው።

ዛሬ የክዳን ሣር እየጠፋ፣ ቆርቆሮ ቤት እየበዛ፣ ባሕር ዛፍም የእንሰቱን ቦታ እየያዘ ነው። አንድን ጎጆ ነጥሎ ለቱሪስት ማሳየት ጀፎረን አያድንም። ቤቱ፣ እንሰቱ፣ ሣሩና ዳኝነቱ ተያይዘው የቆሙ በመሆናቸው ሊጠበቁ የሚገባቸውም በአንድነት ነው።