እናት ሳታውቅ የሚያልቀው ሥራ

አድምጡኝማ! ታሪኩ የሚጀምረው ወደ ማህፀን በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። እንቁላሏ እዚያ ትጠብቃለች፤ ዕድሜዋ ግን አንድ ቀን ቢሆን ነው። የወንዱ ዘር ከደረሰላት ሁለቱ አንድ ሕዋስ ይሆናሉ። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ቁልቁል ይጓዛል፤ በስድስተኛው ቀን ገደማም ከማህፀን ግድግዳ መጣበቅ ይጀምራል። እናቲቱስ ያኔ ምን ታውቃለች? ምንም! የወር አበባዋ ቀን እንኳ ገና አልደረሰም።

ሦስተኛው ሳምንት መጣ። ልብ በሉ፣ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው! በሽሉ ጀርባ ላይ አንድ ስስ ንጣፍ ይዘረጋል። ከዚያ ግራና ቀኝ ጠርዙ እየተነሣ፣ እንደ ሰሌን እየተጠቀለለ ቱቦ ይሆናል። ላዩ አንጎል፣ ታቹ ህብለ ሰረሰር ሊሆን ነው። ከአንገት አካባቢ መግጠም ይጀምርና ወደ ላይም ወደ ታችም ይዘጋል፤ የላዩ ጫፍ በ25ኛው፣ የታቹ በ28ኛው ቀን ገደማ። አለቀ!

የላዩ ሳይገጥም ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል በወጉ አይሠሩም፤ ሕፃኑም አይተርፍም። የታቹ ከቀረ ልጁ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ እግሮቹ ሊሽመደመዱ፣ በጭንቅላቱም ውሃ ሊጠራቀም ይችላል። እናቲቱስ በ28ኛው ቀን የት ናት? የወር አበባዋ ከቀረ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው፤ ገና እየተጠራጠረች ነው።

ጉዞው ይቀጥላል። ልብ ከ22ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ እየመታ ነው። በስምንተኛው ሳምንት የዋና ዋናዎቹ አካላት መሠረት ተጥሏል። እንግዴ ልጁ ከእናት ደም ኦክሲጅንና ምግብ ተቀብሎ በእትብት በኩል ያሳልፋል። በአምስተኛው ወር ገደማ ልጁ ሲንፈራገጥ እናቱ ታውቀዋለች፤ በስድስተኛው ድምፅ ይሰማል፣ በሰባተኛው ዓይኑን ይገልጣል። ሳንባው ግን እስከ መጨረሻው በፈሳሽ የተሞላ ነው። ምጥ መጣ፣ ጎረቤት «ማርያም ማርያም» አለ፣ ሕፃኑ ወጥቶ አለቀሰ፣ ሳንባውም አየር ሳበ። እንኳን ማርያም ማረችሽ! እልል!

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ የተረክሁት ለዚያች 28ኛ ቀን ብዬ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ የብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ካውንስል ጥናት፣ ቀድሞ ቱቦው ያልተዘጋ ፅንስ የገጠማቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ የተባለውን የቫይታሚን ክኒን ሲወስዱ አደጋው በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። አገራችን ደግሞ ችግሩ ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። ብዙዎች ክኒኑን የሚያገኙት ለክትትል ሲሄዱ ነው፤ ያኔ ለሌላ ይጠቅማል፣ ለቱቦው ግን ጊዜው አልፏል።

ጀርባው ክፍት የሆነ ልጅ ሲወለድ እርግማን ነው የምትሉ፣ ተዉ! እናቲቱንም አትውቀሱ። ልጅ ያሰባችሁ ባልና ሚስት ግን ሳትፀንሱ ጤና ጣቢያ ሂዱና ፎሊክ አሲድ ጠይቁ፤ የተለመደው መጠን በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። ከዚህ በፊት ችግሩ የደረሰባችሁ ደግሞ ከዚያ የበዛ ስለሚያስፈልጋችሁ ሐኪም ያዝላችሁ። ከእርግዝናው በፊት ጀምሩ፤ ቱቦው አይጠብቃችሁም።